ግምት፣ ትንቢትና ዕጣ፦ ስለ ዕለታዊው የስፖርት ውድድር ትንበያ

ሰው ከሌሎች ፍጥረታት ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ስለ ነገ ማሰቡ ነው። ገበሬ ደመናውን አይቶ ዘሩን ያዘጋጃል፤ ነጋዴ የገበያውን ሁኔታ መርምሮ ዕቃውን ይገዛል፤ እናት የልጇን ፊት አይታ ሕመሙ ይጸና ወይም ይቀል እንደ ሆነ ትገምታለች። ይህ ሁሉ ከተሰጠን አእምሮ የሚመነጭ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ መጠን አለው፤ መጠኑን ያለፈ ዕለት ስሙ ሳይለወጥ ግብሩ ይለወጣል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከዚህ ወገን ነው፤ ይኸውም በየዕለቱ ስለሚደረጉት የስፖርት ውድድሮች፣ ማን ያሸንፋል፣ ማንስ ይሸነፋል እያሉ አስቀድሞ መናገር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ከሰንበት ት/ቤታችን ልጆች አንዱ፣ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መጥቶ መስቀል ከተሳለመ በኋላ ከኪሱ አንዲት ትንሽ ወረቀት አወጣና፣ «አባ፣ ይህችን ይባርኩልኝ» አለኝ። ወረቀቲቱ ከውርርድ ቤት የተሰጠችው ነበረች፤ በላይዋም የ6 ውድድሮች ስም ተጽፎባታል፤ 3 የእግር ኳስ፣ 2 የቅርጫት ኳስ፣ 1 የቴኒስ። «ልጄ፣ ስለ ቴኒስ ምን ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባ፣ በየቀኑ የሚነግሩን ሰዎች አሉ» ሲል መለሰልኝ። ወረቀቲቱን አልባረክሁለትም፤ ነገር ግን አልገሠጽሁትም። ግምቱን ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር እንዳለው ስለ ነገረኝ፣ በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ አዘዝሁት። በደብተሩ ያገኘነውን በስፍራው እናገራለሁ፤ የምጽፈውም በእርሱ ፈቃድ ነው። አስቀድመን ግን የነገሩን ሥር እንመልከት።

የቃላቱ ልዩነት

በዚህ ነገር ላይ አራት ቃላት እየተቀላቀሉ ስሕተት ይፈጥራሉ፤ እነርሱም ግምት፣ ትንቢት፣ ዕጣና ውርርድ ናቸው።

ግምት ማለት ከሚታየው ተነሥቶ የማይታየውን በልክ ማሰብ ነው። የከብት ነጋዴ በሬውን ዞሮ አይቶ፣ ሻኛውን ዳስሶ ዋጋውን ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ ይስታል፤ ሊስት እንደሚችልም ያውቃል። ስለዚህ የእውነተኛ ገማች ንግግር «ይመስለኛል» ከሚል ቃል አይለይም።

ትንቢት ግን ሌላ ነው። ነቢይ የሚናገረው ምልክት ቈጥሮ ሳይሆን ተገልጦለት ስለ ሆነ «ይመስለኛል» አይልም። በዘመናችን ስለ አየር ጠባይም ሆነ ስለ ኳስ ውጤት የሚነገረውን ሁሉ «ትንበያ» ብለን መጥራት ለምደናል። ቃሉ «ተነበየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ «ነቢይ» ከሚለውም ስም ጋራ አንድ ሥር ያለው ነው። ቋንቋ በጊዜው ይሰፋልና በቃሉ መጠቀም ኀጢአት ነው አልልም። ዳሩ ግን ስሙ ሲዛወር ከነቢይ የሚጠበቀው እርግጠኝነት ከገማች ይጠበቅ ጀመር፤ ገማቹም «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ጣለው። ጥፋቱ የተጀመረው በዚህ ነው።

ዕጣ ደግሞ ዕውቀት የማይገባበት ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን ሲመርጡ ከጸሎት በኋላ ዕጣ ጥለዋል (የሐዋ. ሥራ 1፥26)፤ ወታደሮችም በመስቀሉ አጠገብ ስለ ቀሚሱ ዕጣ ተጣጥለዋል (ዮሐ. 19፥24)። ዕጣው አንድ ሲሆን ልቡናው ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነው። በየሰፈራችን ባለው ዕቁብም ዕጣ ይወጣል፤ ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ እንጂ ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር አይደለም። ሁሉም የከፈለውን በተራው ያገኛል። ስለዚህ ዕጣ ሁሉ ቁማር አይደለም።

ውርርድ ማለት ግን በግምት ወይም በዕጣ ላይ ገንዘብ ሲያዝበት፣ የአንዱ ማግኘት በሌላው ማጣት ሲቆም ነው። እንግዲህ የወጣቱ ወረቀት ከየትኛው ነው ቢባል፣ ስሟ ትንቢት፣ ስለ እግር ኳስ የተጻፈው ግምት፣ ስለ ቴኒስ የተጻፈው ዕጣ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ሁለንተናዋ ውርርድ ነበረች። አራቱ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል።

ውድድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ስለ ውድድር መገመት ከቶ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድለትም። ጠንካራው ደካማውን አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ነገር ግን «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ቃል በየስፖርቱ መጠኑ ይለያያል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በእግር ኳስ 90 ደቂቃ ተሩጦ የሚገባው ጎል ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 አይበልጥም። ስለዚህ አንድ የዳኛ ስሕተት፣ አንድ የተከላካይ መንሸራተት የቀኑን ድካም ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል። ከዚህም በላይ ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ሳይሆን እኩል መውጣትም አለ። ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ብራዚል በገዛ አገሯ፣ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በጀርመን 7 ለ 1 ተሸነፈች። በእንግሊዝ አገር ሌስተር ሲቲ የተባለው ቡድን በ2015 የውድድሩ ዘመን ሲጀመር ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ለሚያስይዝ ሰው፣ ውርርድ ቤቶች ለ1 ፓውንድ 5,000 ፓውንድ እንከፍላለን ብለው ነበር፤ በ2016 ዋንጫውን ወሰደ። እነዚያ የሚኖሩት በግምት ነው፤ ሆኖም እንዲህ ሳቱ።

በሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ ኤንቢኤ በሚባለው ውድድር፣ አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ከ100 ነጥብ በላይ ያገባል። ነጥቡ ብዙ ስለ ሆነ የአንዲቱ ኳስ አጋጣሚ በሌሎቹ ይሸፈናል፤ የብርቱውም ብርታት ከእግር ኳሱ ይልቅ ይገለጣል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ስለሚጫወት፣ አሠልጣኙ ዋናውን ተጫዋች ያሳርፈዋል፤ ይህም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሲቃረብ ነው። የትናንቱ ግምት በዚያች ሰዓት ይፈርሳል።

በቴኒስ እኩል መውጣት የለም፤ ተጫዋቹም ብቻውን ነውና ቁርጭምጭሚቱ ቢያመው ተተኪ የለውም። የነጥቡም አቈጣጠር ልዩ ነው። በ2019 በዊምብልደን የወንዶች ፍጻሜ ሮጀር ፌዴረር 218 ነጥብ፣ ኖቫክ ጆኮቪች 204 ነጥብ አገኙ፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን ጆኮቪች ነው። የበለጠ ነጥብ ያገኘው ተሸንፎ ሄደ።

አሜሪካኖች አጥብቀው የሚወዱት ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ደግሞ፣ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጊዜ የሚጫወትበት ነው። በ2001 የሲያትል ቡድን 116 ጊዜ አሸንፎ በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛ ከሆነው ቍጥር ጋራ ተስተካከለ። ይህ ቡድን እንኳ 46 ጊዜ ተሸንፏል፤ ለመጨረሻውም ፍልሚያ ሳይደርስ ቀርቷል።

ስለ ሩጫ ግን ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ ከአገሩ ውጭ እምብዛም የማይታወቀው አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በአንደኛነት ፈጸመ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ደግሞ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ከወጣ በኋላ፣ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ በሰዓቱ ስላልደረሰ ሳይሮጥ ቀረ። ከ8 ዓመት በኋላ በሞስኮ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ጠቢቡ በመጽሐፈ መክብብ (9፥11) ፈጣን መሆን ብቻውን ሩጫን ለማሸነፍ እንደማይበቃ፣ ጊዜና አጋጣሚ ሁሉን እንደሚያገኙ ያስተማረው ትምህርት፣ በሙኒክ በአንድ ኢትዮጵያዊ ላይ እንደ ቃሉ ታየ። የምሩጽን እግር የለካ ገማች ቢኖር ኖሮ ልኩ ትክክል ነበር፤ ሰዓቱን ግን አልለካም።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። የድጓ መምህር የቅኔን ቤት ሳይገባ በቅኔ ጉባኤ መካከል ወንበር አይዘረጋም፤ ቢዘረጋም ተማሪ አይሰበሰብለትም። ስፖርቱም እንዲሁ ነው። እግር ኳስን በልጅነቱ ተጫውቶ፣ ዓመታት ተመልክቶ ያወቀ ሰው፣ በቴኒስ ላይ ፊደል ቈጣሪ ነው። ታዲያ ስለ ምን ሁሉንም ይገምታል ቢባል፣ ምክንያቱ ዕውቀት አይደለም። አንድ ስፖርት የዕረፍት ቀን አለው፤ አምስት ስፖርት ግን የዕረፍት ቀን የላቸውም። ኳሱ ባረፈ ቀን ቅርጫቱ አለ፤ ቅርጫቱ ሲያርፍ ቴኒሱ አለ። ስፖርቱ የሚበዛው ቀኑ ባዶ እንዳይሆን ነው። ቀኖቹም ሲሞሉ ዕውቀቱ እየሳሳ ይሄዳል።

የመገመት ጥበብ አመጣጥ

ግምትን በቍጥር መመርመር የተጀመረው ከጨዋታ ነው። በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት፣ ሳይፈጸም የተቋረጠ ጨዋታ ቢኖር የተያዘው ገንዘብ እንዴት ይከፈል የሚለውን ጥያቄ በደብዳቤ መረመሩ። ከዚያ በኋላ የባዝሉ ያዕቆብ በርኑሊ ስለ መገመት ጥበብ የጻፈው መጽሐፍ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1713 ታተመ። ዋናው ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንድን ነገር እጅግ ብዙ ጊዜ ብንመለከት፣ ያየነው መጠን ወደ እውነተኛው መጠን እየቀረበ ይሄዳል። ልብ እንበል፤ ይህ ዕውቀት ስለ ብዙው እንጂ ስለ አንዱ አይናገርም። ከ1,000 ውድድር ስንቱን ጠንካራው እንደሚያሸንፍ ሊናገር ይችላል፤ ዛሬ ማታ የሚደረገው ከየትኞቹ ወገን እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

ይህ ጥበብ ወደ ንግድ ሲወርድ መልኩ ተለወጠ። በ1923 በእንግሊዝ አገር ሊትልውድስ የተባለው ድርጅት የእግር ኳስ ውጤት የሚገመትበትን ቅጽ በማንቸስተር ከሜዳው ደጅ አደለ። ከ4,000 ቅጽ ተሞልቶ የተመለሰው 35 ብቻ ነበረ። ዳሩ ግን ሳይቈይ ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ከ1962 ወደ 1963 በተሻገረው ክረምት ብርዱ ጸንቶ ሜዳዎች በረዶ ሆኑ፤ ጨዋታዎችም ለብዙ ሳምንታት ቀሩ። በዚያን ጊዜ ድርጅቶቹ ገቢያቸው እንዳይቋረጥ የቀድሞ ተጫዋቾችና አንድ ዳኛ ያሉበት ሸንጎ በሎንዶን አስቀመጡ፤ ሸንጎውም ያልተደረጉት ጨዋታዎች ቢደረጉ ኖሮ ማን ያሸንፍ እንደ ነበረ ወሰነ። ገንዘቡም በዚያ ውሳኔ ተከፈለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ኳስ ሳትመታ፣ እግር ሳይነሣ፣ ግምቱ ራሱ ውጤት ሆነ። ውርርድ ለውድድር ካለው ፍቅር የተነሣ ነው ለሚሉ ሁሉ ይህ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

በአሜሪካ የስፖርት ውርርድን በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚከለክል ሕግ በ1992 ወጥቶ ነበር፤ በ2018 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛቶች ፈቅደዋል። በእኛም አገር ወጣቶች «ቤቲንግ» የሚሉት ነገር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ገብቷል። የአውሮጳ ክለቦች ስም በእንጀራ ፈላጊው ወጣት አፍ ላይ ከጎረቤቱ ስም ይልቅ የተለመደ ሆኗል። ዛሬ ደግሞ ወደ ውርርድ ቤት መሄድ እንኳ ሳያስፈልግ፣ ትንበያውም ክፍያውም በእጅ ስልክ ይመጣል።

ደብተሩ የተናገረው

ያ ወጣት በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ደብተሩን ይዞ መጣ። በንጹሕ ጽሕፈት የ30 ቀን ግምት ጽፏል፤ በየቀኑ 6፣ በጠቅላላው 180። በእያንዳንዱ አጠገብ ውጤቱን አስፍሯል። አብረን ብንቈጥር 108ቱ ትክክል፣ 72ቱ ስሕተት ሆኑ። ከ10 ግምት 6 ያህሉን ማግኘቱ ነው። ደስ ብሎት፣ «አባ፣ አዩ? አውቃለሁ እኮ» አለኝ። በእውነትም ከግማሽ በላይ ነበረ።

ከዚያ በየስፖርቱ ለይተን ቈጠርን። ከ90 የእግር ኳስ ግምት 60፣ ከ60 የቅርጫት ኳስ ግምት 36፣ ከ30 የቴኒስ ግምት ግን 12 ብቻ ትክክል ሆነው ተገኙ። ሁለት ተጫዋች ብቻ ባለበት ውድድር ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረውር 15 ያህል ሊያገኝ ይችል ነበር። ልጁ ይህን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

ቀጥዬ ስለ ገንዘቡ ጠየቅሁት። በየቀኑ ለ6ቱ ግምት አንድ ትኬት ይቈርጣል፤ ለትኬቱም 100 ብር ይከፍላል። ትኬቱ የሚከፈለው 6ቱም ትክክል ሲሆኑ ብቻ ነው። በ30 ቀን 3,000 ብር ከፍሏል። ስድስቱም የተሟሉለት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን 1,390 ብር ተቀበለ። እንግዲህ ከ10 ግምት 6ቱን ያወቀ ሰው 1,610 ብር ከስሯል። ልጁ ለ30 ቀን ያስታወሰው ግን ያችን አንዲት ቀን ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ ለሚል እንዲህ እናስረዳ። 100 መንገደኞች 6 በሮች ያሉትን አጥር ሊያልፉ ተነሡ እንበል፤ በእያንዳንዱ በር ከ10 ሰው 6ቱ ብቻ ያልፋሉ። ከመጀመሪያው በር 60 ያልፋሉ፤ ከሁለተኛው 36፤ ከሦስተኛው 22 ያህል፤ ከአራተኛው 13 ያህል፤ ከአምስተኛው 8 ያህል፤ ከስድስተኛው የሚወጡት 5 እንኳ አይሞሉም። በአንድ በር ላይ ትንሽ የነበረው ጥርጥር በበሮቹ ብዛት ተባዝቶ ታላቅ ሆነ። እያንዳንዱን ውድድር ከ10 ጊዜ 8ቱን የሚያውቅ ብርቱ ገማች ቢገኝ እንኳ፣ 10 ውድድር በአንድ ትኬት ቢያያይዝ ሁሉም የሚሟሉለት ከ100 ጊዜ 11 ያህል ብቻ ነው።

የቤቱ ድርሻ

ሁለተኛው ምክንያት ውርርድ ቤቱ የሚይዘው ድርሻ ነው። በሁሉ ነገር እኩል የሆኑ ሁለት የቴኒስ ተጫዋቾች ይጋጠሙ እንበል። ወጣቶቹ «ኦድ» የሚሉት ብዜት ለሁለቱም 2 መሆን ይገባው ነበር፤ ቤቱ ግን 1.90 ይላል። አንዱ ሰው በአንደኛው ላይ 100 ብር፣ ሌላው ሰው በሁለተኛው ላይ 100 ብር ያስይዛሉ። ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ ላሸነፈው 190 ብር ይከፍላል፤ 10 ብር ይቀርለታል። ማን እንዳሸነፈ ለቤቱ ግድ የለውም፤ ተወራራጁ ሲጨነቅ ቤቱ ይተኛል። እንዲህ ያሉ 10 ውድድሮች በአንድ ትኬት ቢያያዙ ደግሞ ድርሻው አብሮ ይባዛል፤ በረጅም ጊዜ ከተከፈለው 100 ብር ወደ ተወራራጆች የሚመለሰው 60 ብር ያህል ብቻ ይሆናል። በየቀኑ 50 ብር የሚያስይዝ ሰው በዓመት 18,250 ብር ያወጣል። ትኬቱ ረዥም እንዲሆን፣ ስፖርቱም እንዲበዛ የሚጋበዘው ስለ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ትንበያ ስለሚሸጡ ሰዎች

ልጁ «የሚነግሩን ሰዎች አሉ» ያላቸው እነማን ናቸው? በስልክ መልእክት በየዕለቱ የውድድር ውጤት አስቀድመው የሚናገሩ፣ ከነዚያም አንዳንዶቹ ለልዩ ትንበያ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ናቸው። «ስድስት ጊዜ ተከታትሎ አልሳተም» ተብሎ የሚመሰከርለት ሰው ዕውቀት የሌለው ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ላሳያችሁ።

ተንኰለኛው ለ729 ሰዎች ስለ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጽፋል። ለ243ቱ ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለ243ቱ እንግዳው ያሸንፋል፣ ለ243ቱ እኩል ይወጣሉ ይላቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ክፍል እውነት ሆኖ ያገኘዋል፤ የሳተባቸውን ይተዋቸዋል። የቀሩትን 243 እንደዚሁ በሦስት ከፍሎ ይጽፍላቸዋል፤ 81 ይቀራሉ፤ ከዚያ 27፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 3፣ በስድስተኛው ጊዜ 1 ሰው ይቀራል። ያ አንድ ሰው ስድስት ጊዜ በተከታታይ እውነት ሲነገረው አይቷልና፣ ለሰባተኛው ያለውን ሁሉ ቢጠየቅ ይሰጣል። እርሱ ያየው ሐሰት አይደለም፤ ያላየው ግን 728 ሰዎችን ነው። ሆን ብሎ የሚያታልል ባይኖር እንኳ፣ እልፍ ሰው ሲገምት አንዱ በአጋጣሚ ብዙ ጊዜ ማግኘቱ አይቀርም፤ የምንሰማውም ያንን አንዱን ነው።

የታማኝ ግምት ምልክቶች

እንግዲህ ግምትን ሁሉ እንኰንን ማለት አይደለም። ታማኝ ገማች በአራት ነገር ይታወቃል።

አንደኛ፣ የጥርጥሩን መጠን ይናገራል። «እርግጥ ነው» አይልም፤ «ከ10 ጊዜ 7 ይመስለኛል» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ከ10 ሦስቱን ቢስት ሐሰተኛ አይባልም፤ አስቀድሞ ነግሮናልና።

ሁለተኛ፣ ግምቱን ከውድድሩ በፊት ጽፎ፣ የሳተውንም ካገኘው ጋራ አብሮ ያስቀምጣል። የሳተበትን ገጽ የቀደደ ሰው ደብተሩ ምስክር አይሆነውም።

ሦስተኛ፣ ከተማረው አይወጣም፤ በማያውቀው ጊዜ «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት ይችላል። በየቀኑ መናገር ግዴታ የሆነበት ሰው፣ በማያውቅበትም ቀን ይናገራል።

አራተኛ፣ እንጀራው ከምን እንደ ሆነ ይታወቃል። የነገን ውጤት በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በ200 ብር ለእኔና ለእናንተ የሚሸጥበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚኖረው ከግምቱ ትክክልነት ሳይሆን ከአድማጩ ኪስ ከሆነ፣ ቢስትም ቢያገኝም ለእርሱ አንድ ነው።

ለካህናትና ለወላጆች

በሐዋርያት ስም በሚጠሩት ቀኖናዎች፣ ቁማር ያዘወተረ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ቢገኝ እንዲተው፣ ባይተው ግን ከሹመቱ እንዲሻር ተደንግጓል፤ ቀጥሎም ስለ ምእመናን ተነግሯል። በዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር እናስተውላለን። ሥርዓቱ አስቀድሞ የሚመለከተው እኛን ካህናቱን ነው፤ ቅጣቱም የሚመጣው «ይተው» ከተባለ በኋላ ነው። እንግዲህ ወጣቱን ከመገሠጻችን በፊት የመመለሻውን በር ልንከፍትለት ይገባናል።

ጨዋታውን ራሱን አንንቀፍ። ገና ስንጫወት ያደግን ሰዎች፣ ኳስ መመልከትን እንደ ነውር ብንቈጥር ወጣቱ ምክራችንን ሁሉ ይንቃል። የነገሩን ግብር ሳናውቅም አንናገር፤ «ኀጢአት ነው» ብሎ ብቻ ማሰናበት ቀላል ነው፣ ነገር ግን ልጁ «ከ10 ስድስት አገኛለሁ» ብሎ በልቡ ሲመልስ መልስ የለንም። ደብተሩን እንጠይቅ፤ ቍጥሩ ከእኛ ይልቅ ይመክረዋል። ደግሞም ብድር እንዳለበት በቀስታ እንጠይቅ። የጠፋውን ለማስመለስ ተበድሮ ማስያዝ የጀመረ ሰው ሕመሙ ጸንቷልና፣ ምክር ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ርዳታና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ስለ ትኬትም ጸሎት ቢጠይቁን እንቢ እንበል፤ ምክንያቱንም እንንገራቸው። ያ ትኬት የሚከፈለው ሌሎች በከሰሩት ገንዘብ ነው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ የንስሐ ልጆቻችን ናቸው። አንዱ እንዲያገኝ በሌላው ማጣት ላይ ማን ይባርካል? ሐዋርያው ያዕቆብም (4፥13-15) ነገ እንዲህ እናደርጋለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሲገሥጽ፣ ማቀዳቸውን ሳይሆን ሕይወታቸው በእጃቸው እንዳለ ሆነው መናገራቸውን ነው የነቀፈው። የሚያዋጣ ግምት «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ከሚል ትሕትና ጋራ ይስማማል፤ «እርግጥ ነው» የሚል ግን አይስማማም።

ወላጆችም እንዲህ ያስቡ። ልጁ ወደ ውርርድ የሚሄደው ስለ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደመወዝ ለነገው የማይበቃው ሆኖ ስለ ታየው ነው። ከእርሱ ጋራ ስለ ኑሮው ቍጭ ብሎ የሚመክር አባት ካለው፣ በስልክ የሚመክረውን ሰው አይፈልግም።

ያ ወጣት ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን እንደገና አመጣልኝ። ቴኒሱንና የቅርጫት ኳሱን ትቷል፤ የሚገምተው የእግር ኳስ ብቻ፣ ያውም ያለ ገንዘብ ነው። «አንድ ቀን ብቻ ተሸንፌ 50 ብር አስይዣለሁ፤ ሄደ» ብሎ ሳይደብቅ ነገረኝ። ገጾቹን ሳገላብጥ በሦስት ጨዋታዎች አጠገብ በግምቱ ስፍራ «አላውቅም» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ትክክል ከሆኑት ግምቶች ሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ እርሱ ነው። ለዚያ ገጽ ባርኬለታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።